ሳምፕሉን አንዴ ጭኖ አልበሙን ሙሉ መሥራት

ሁለተኛውን ዘፈን ዘግታችሁ አራተኛውን ስትከፍቱ የቫዮሊኑም የቼሎውም የፒያኖውም ሳምፕል (ቀድሞ የተቀዳ የመሣሪያ ድምፅ) እንደ አዲስ ራም ላይ ይጫናል። ኮምፒውተሩ እስኪጨርስ በጭንቅላታችሁ የነበረው ዜማ ይጠፋል። ይሄ በጣም ያናድዳል። መፍትሔው ሳምፕሎቹን ከዘፈኑ ፋይል ውጪ ማኖር ነው።

እኔ ለዚህ የምጠቀመው ቪየና አንሳምብል ፕሮ የሚባለውን፣ ሳምፕሎችን ለብቻው የሚይዝ ሶፍትዌር ነው። ከሙዚቃ መሥሪያ ፕሮግራሞቹ ከኩቤዝም፣ ከሎጂክም፣ ከሪፐርም ጋር ይሠራል። መጀመሪያ ሰርቨሩን (ድምፆቹን የሚይዘውን የቪየናን ክፍል) ለብቻው ክፈቱ። ውስጡ ኢንስታንስ የሚባሉ ክፍሎች ፍጠሩ፤ አንዱን ለስትሪንግ፣ አንዱን ለብራስ፣ አንዱን ለከበሮ። ኮንታክትን (ሳምፕሎቹን የሚያጫውተውን ሶፍትዌር) እዚያ ውስጥ ጫኑት። ከዚያ ዘፈኑን በምትሠሩበት ፕሮግራም ላይ የቪየናን ፕለጊን (በፕሮግራሙ ውስጥ የሚከፈተውን ማገናኛ) ከፍታችሁ ከየኢንስታንሱ ጋር አገናኙ። (ማሲንቆና ክራርን እዚህ ውስጥ አላስገባም። ሰው ተጫውቶት ነው የምቀዳው። የማሲንቆን ጣት መንሸራተት የሚተካ ሳምፕል እስካሁን አልሰማሁም።)

አሁን ረጋ በሉ። ፕለጊኑ ላይ ዲካፕል የሚል ምርጫ አለ። ካልነካችሁት የድምፆቹ ቅንብር ከዘፈኑ ፋይል ጋር አብሮ ይቀመጣል፣ ሴቭ ማድረጉም ይዘገያል። ዲካፕል ካደረጋችሁት የዘፈኑ ፋይል ይቀላል፣ ሁሉም ዘፈኖች ያንኑ ሰርቨር ይጋራሉ። ግን ሰርቨሩን ራሳችሁ ለብቻው ሴቭ ማድረግ አለባችሁ።

መጋራቱ መዘዝ አለው። አንድ ቀን አራተኛው ዘፈን ላይ ቼሎው ጎላብኝና ሰርቨሩ ውስጥ ፌደሩን (የድምፅ መጠን ማስተካከያውን) 6 ዲሲቤል ዝቅ አደረግሁት። በሦስተኛው ቀን ሁለተኛውን ዘፈን ስከፍት መግቢያው ላይ ብቻውን የሚጫወተው ቼሎ ከፒያኖው ሥር ተቀብሮ አገኘሁት። ቀድሞ ስንት እንደነበር አልጻፍኩም። በጆሮ ስፈልገው አመሸሁ። ከዚያ ወዲህ የሰርቨሩን ፌደሮች አልነካም። የአንድ ዘፈን ማስተካከያ በዚያው ዘፈን ፋይል ውስጥ፣ ድምፁ ከሰርቨሩ ተመልሶ በሚገባበት ትራክ ላይ ይሠራል።

ራም ካነሰባችሁ ኮንታክት ላይ ፐርጅን ተጠቀሙ፤ የማትጫወቷቸውን ኖታዎች ከራም ያወጣል። ሳምፕሎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ካዛወራችሁ ደግሞ ኮንታክት ላይ ባች ሪሴቭ አድርጉ (ፋይሎቹን ሁሉ በአንዴ ደግሞ ሴቭ ማድረግ ነው)፣ "ፋይሉ አልተገኘም" ከሚለው ጣጣ ትገላገላላችሁ። አልበሙ ሳያልቅ ግን ኮንታክትን ወደ አዲስ ቨርዥን አታሳድጉ። በአዲሱ ሴቭ የተደረገ በአሮጌው አይከፈትም።

ወደ ሚክስ (ድምፆቹን ወደ ማመጣጠን) ስትሄዱ ሁሉንም ወደ ኦዲዮ ባውንስ አድርጉ፣ ማለትም የሚጫወተውን ወደ ድምፅ ፋይል ቀይሩት። እዚህ ላይ ድርድር የለኝም። ብዙ ሳምፕሎች አንዱን ኖታ በተመታ ቁጥር ሌላ ቅጂ እያፈራረቁ ያጫውታሉ። ስለዚህ ትናንት ያመጣጠናችሁት ከበሮ ዛሬ ልክ እንደዚያ ላይመታ ይችላል። ባውንስ የተደረገው ግን አይለወጥም። 24 ቢት ይሁን፣ ሁሉም ትራክ ከመጀመሪያው ባር ይነሳ፣ የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ ከ0 ዲሲቤል በታች ራቅ ይበል። እኔ -6 አካባቢ እተወዋለሁ። ሪቨርቡን (የድምፁን ማስተጋባት) ለብቻው አውጡት፤ ዘፋኙ ሲገባ መቀነስ ትፈልጋላችሁ። የሚዲ ትራኮቹን (የትኛው ኖታ መቼ እንደሚመታ የሚይዙትን) አታጥፉ፣ ዝጉና አስቀምጧቸው።

ከዚያ ሰርቨሩን አጥፍታችሁ ዘፈኑን ከፍታችሁ ከዳር እስከ ዳር ስሙት። ዝም ያለ መሣሪያ ካለ እሱ ባውንስ አልተደረገም።