ከኋላ የሚመጣ የመፋጨት ድምፅ፦ ኮሮላ ዲኤክስ

ዲኤክስ (ኬኢ 70) የኋላ ፍሬኑ ባለ ታምቡር (ከጎማው ጋር የሚዞር ክብ ብረት) ነው፤ ዲፈረንሻሉም (ኃይል ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው የማርሽ ቤት) ከኋላ ነው። ስለዚህ ከኋላ "ግርርር" የሚል ድምፅ ሲመጣ የሚጠረጠሩት በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ፍሬን ሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ ተጭኖ የሚይዘው)፣ የእግር ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት ተሸካሚ) እና ዲፈረንሻል። ዲፈረንሻል አስፈትቶ ከከፈሉ በኋላ ችግሩ ያለቀ ሸራ ሆኖ ሲገኝ ያሳዝናል። ቁልፍ ከማንሳትዎ በፊት ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ይለዩ።

ፍሬን ሲያዝ የሚመጣ ከሆነ

ጭር ባለ ቀጥ ያለ መንገድ ላይ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እየሄዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ጫፍ ተጭነው እንደያዙ በቀስታ ሳብ ያድርጉት። የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ እግሮችን ብቻ ስለሆነ፣ ድምፁ ከተነሳ ወይም ከተለወጠ ጉዳዩ ታምቡር ውስጥ ነው።

ጎማውን አውልቀው ታምቡሩን ሲስቡት አልወጣም ካለ ጠርዙን በመዶሻ አይደብድቡት፤ ይሰነጠቃል። ፊቱ ላይ ያሉት ሁለት ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች ለዚሁ የተሠሩ ናቸው፦ ባለ 8 ሚሊ ብሎን አስገብተው ሁለቱን እያፈራረቁ ሲያጠብቁ ይለቃል። ውስጡ ያለውን የሸራ ዱቄት በኮምፕረሰር አይንፉት። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉ።

ሸራው 1 ሚሊ ሜትር ከደረሰ አልቋል። የታምቡሩን ውስጥ በጥፍርዎ ይዳብሱት፤ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ካለው ቶርኖ ይግባ፣ ታምቡሩ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ካለፈ ግን ይጣል። ሸራ የግራና የቀኝ አብሮ ይቀየራል፤ ካልሆነ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። አንዳንዴ ደግሞ ሸራው ደህና ሆኖ በታምቡሩና በኋላ ሳህኑ መካከል የገባ ጠጠር ብቻ ይገኛል።

ውስጡ ረጥቦ ካገኙት ያሽትቱ። ወፍራምና ድኝ ድኝ የሚሸት ከሆነ የዲፈረንሻል ዘይት ነው፤ ኦይል ሲሉ (ዘይት እንዳይወጣ የሚያግደው ቀለበት) ተበልቷል። ቀጭን ከሆነ የፍሬን ዘይት ነው፤ እግሩ ላይ ያለው የፍሬን ፖምፓ ያፈሳል። ዘይት የጠጣ ሸራ በቤንዚን ቢታጠብም መልሶ አይይዝም።

ከፍጥነት ጋር የሚጨምር ከሆነ

ፍሬን ተያዘም አልተያዘ ካለ፣ ማርሽ ዜሮ ሲደረግም ካልጠፋ ኩሽኔታ ይጠርጥሩ። ጎማ ግን ያታልላል፦ ድምፁ ከአስፋልቱ ዓይነት ጋር የሚለዋወጥ ከሆነ የኋላ ጎማዎችን ከፊቶቹ ጋር ቀያይረው ይሞክሩ።

የፊት እግሮች ላይ ታኮ ያድርጉ፣ ማርሹን ዜሮ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬን ይልቀቁ፣ አክስሉን በክሪክ አንስተው ጠንካራ ድጋፍ ላይ ያሳርፉት። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይግቡ። አንድ እጅዎን አክስሉ ጫፍ ላይ አድርገው ጎማውን በሌላው ያዙሩ፤ የተበላ ኩሽኔታ እንደ አሸዋ እጅ ላይ ይሰማል። ከላይና ከታች ይዘው ሲያወዛውዙት ከተንቀሳቀሰ መኪናውን አይንዱት። ኩሽኔታው ከፈረሰ የአክስሉ ዘንግ ከነጎማው ሊወጣ ይችላል።

ዘንጉ የሚወጣው ከኋላ ሳህኑ ጀርባ ያሉት አራት ዳዶዎች ተፈተው ነው። ኩሽኔታው የሚገባውም የሚወጣውም በፕሬስ ስለሆነ ይህን ለባለሙያ ይተዉት፣ ሁለት ነገር ግን ይጠይቁ፦ የማያዣ ቀለበቱ አዲስ መሆኑን፣ መያዣ ሳህኑም ከኩሽኔታው በፊት ዘንጉ ላይ መግባቱን። መያዣ ሳህኑ ከተረሳ ያ ሁሉ ሥራ ፈርሶ እንደገና ይጀመራል፤ አንዴ ተስቦ የወጣ ኩሽኔታ ደግሞ አይመለስም። ኦይል ሲሉንም በዚያው ያስቀይሩ።

ነዳጅ ሲሰጡና ሲለቁ የሚለወጥ ከሆነ

ይህ የዲፈረንሻል ነው። መታጠፊያ ላይ ብቻ ከመጣ ውስጥ ያሉትን ትንንሽ ማርሾች ይጠርጥሩ። መጀመሪያ ዘይቱን ይዩ፦ የመሙያውን ቡሽ ሳይፈቱ የማፍሰሻውን በጭራሽ አይፍቱ፤ የላይኛው እምቢ ካለ መኪናው ያለ ዘይት ይቀራል። በወጣው ዘይት ውስጥ ግራጫ ልም ያለ ብናኝ የተለመደ ነው፤ ጣት የሚወጋ የብረት ስባሪ ግን አይደለም። ስባሪ ከሌለ ጂኤል 5 የሆነ 80 ደብሊው 90 ዘይት እስከ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር ይሙሉ፤ ወደ 1 ሊትር ይወስዳል። ድምፁ ከቀጠለ ኮሮናና ፒኞኑን (ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያሉትን ትልቁንና ትንሹን ዋና ማርሾች) ያስፈትሹ። ሁለቱ ጥንድ ስለሆኑ አንዱን ብቻ ከሌላ መኪና አምጥቶ መግጠም አያዋጣም፤ ሙሉ ዲፈረንሻል መግዛት ይሻላል።