የመዳቡ ቅጠል ቀለም እንዳይጠፋ ያደረግኩት

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለ ዋርካ ሥር አንድ ቅጠል አነሳሁ። በመዳብ ልሠራው ተነሳሁ፤ ከላዩ ትንሽ የናስ አደይ አበባ። ለእህቴ የሚሆን የአንገት ጌጥ።

የቅጠሉን ሸካራነት ማውጣቱ አላስቸገረኝም። መዳቡን ፍም እስኪመስል አግዬ ውኃ ውስጥ ነከርኩት፤ እንዲህ ሲደረግ ይለሰልሳል። ከዚያ ቀዳዳ በበዛበት ጥቁር ድንጋይ ላይ ደፍቼ በጀርባው ቀጠቀጥኩት።

ያስቸገረኝ ቀለሙ ነው። መዳብ ቀስ እያለ ሲሞቅ መጀመሪያ ብርቱካናማ፣ ቀጥሎ ሐምራዊ ይሆናል። ሐምራዊው ላይ እሳቱን አነሳሁ። እንዴት ያምራል! አበባውን ልበይድበት ስል ግን ድርግም ብሎ ጠቆረ። ሁለቴ ሞከርኩ፣ ሁለቴም ያው። ለካ ብር ባለበት መበየጃ የሚደረግ ብየዳ ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ቀለሙ ደግሞ ከዚያ በጣም ባነሰ ሙቀት የሚመጣ ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ነው፤ መዳቡ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር።

ስለዚህ ብየዳውን ተውኩት። ቅጠሉንም አበባውንም አስቀድሜ በትራፓኖ በሳሁ። መዳቡን በሎሚና በጨው አሽቼ አጠብኩ፣ በፒንሳ ብቻ እየያዝኩ ቀለሙን አወጣሁ። በጣት ከነኩት ቅባቱ ነጠብጣብ ይተዋል። ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ የመዳብ ሽቦ በቀዳዳው አሳልፌ፣ ጫፍና ጫፉን በትንሽ መዶሻ ቀስ እያልኩ ጠፍጠፍ አደረግኩ። በመሃል ትንሽ ቀለበት ስለጣልኩ አበባው ከፍ ብሎ ቅጠሉ ላይ ጥላ ይጥላል።

መጨረሻ ላይ ስስ የንብ ሰም ቀባሁት። ቀለሙን በጥቂቱ ያደበዝዘዋል፤ ሐምራዊው ግን አለ።