ለወላጅ የአረጋውያን መኖሪያ ሲመረጥ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ጎንደር ውስጥ እናትን ወይም አባትን ከቤት አውጥቶ ለሌላ እጅ መስጠት ዛሬም የሚከብድ ውሳኔ ነው። ብዙ ቤተሰብ ጉዳዩን ከጎረቤትና ከዘመድ ደብቆ፣ «ሰው ምን ይለናል» እያለ ከቆየ በኋላ ነገሩ ሲጠናበት በጥድፊያ ይወስናል። ከዚህ በታች የማነሣቸው ስህተቶች በአመዛኙ ከዚሁ ጥድፊያ የሚመጡ ናቸው።

ከሁሉም የሚከፋው አረጋዊውን ሳያማክሩ መወሰን ነው። «ጠበል እንወስድዎታለን» ወይም «ለምርመራ ነው» ብሎ እናትን አንድ ግቢ አድርሶ መመለስ የዕለቱን ለቅሶ ያስቀር ይሆናል፤ እናት ግን ከዚያ በኋላ የሚቀርብላቸውን ምግብም ሆነ መድኃኒት በጥርጣሬ ማየት ይጀምራሉ። በተለይ የመርሳት ችግር ያለባቸው ሰዎች አካባቢ በድንገት ሲቀየርባቸው ግራ መጋባታቸው ሊብስ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ቀን ቀን እየወሰዱ ማለማመድና የለመዱትን ጋቢ፣ መቋሚያና የጸሎት መጽሐፍ አብሮ መላክ ይገባል። የነፍስ አባታቸው መግባት ይፈቀድላቸው እንደሆነ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ያለ ብዙ ዳገት የሚደረስበት እንደሆነም መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው ስህተት የበጎ አድራጎት ማእከልንና በክፍያ የሚሰጥ እንክብካቤን አንድ አድርጎ ማየት ነው። በሀገራችን ያሉት አብዛኞቹ የአረጋውያን ማእከላት የተቋቋሙት ጧሪ ቀባሪ ለሌላቸው ነው። ልጅ እያለው፣ ውጭ ሀገር ያለ ወንድም ገንዘብ እየላከ ወላጅን ወደዚያ ማስገባት ሜዳ ላይ የወደቀ ሰው ሊያገኝ የሚገባውን አልጋ መውሰድ ነውና ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

በቴሌግራም በተላከ ፎቶ ወይም በአንድ የቀን ጉብኝት ረክቶ መፈረም ሦስተኛው ነው። የተጠረገ ግቢና የተነጠፈ አልጋ ስለ ሌሊቱ ምንም አይናገሩም፤ አረጋውያን ደግሞ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ የሌሊት ተረኛው ስንት ሰው እንደሚጠብቅ፣ መተላለፊያው መብራት እንዳለው፣ ጉልበቱን የሚያመው ሰው የሚቀመጥበት መጸዳጃና የሚይዘው ብረት መኖሩን በዐይን ማየት ያስፈልጋል። የጎንደርን የውኃ ችግር የሚያውቅ ሰው ሮቶውን ሳያይ መውጣት የለበትም፤ ሽንት የማይቋጥር ሰው ባለበት ቤት ውኃ ለቀናት ሲጠፋ አንሶላም ገላም ሳይታጠብ ይቀራል። ከአልጋ የማይነሡ ነዋሪዎች ካሉም በየስንት ሰዓቱ እንደሚገላበጡ ይጠየቅ፤ በአብዛኛው የሚመከረው በየሁለት ሰዓቱ ነው። በምሳ ሰዓት ሳይነግሩ ገብተው ሲያዩ፣ ጥርስ ለሌላቸው እንጀራው ተፈትፍቶ የሚቀርብላቸው ከሆነና ሠራተኞቹ «አንቱ» እያሉ፣ አጠገባቸው ተቀምጠው የሚያጎርሱ ከሆነ ያ ትልቅ ምስክር ነው።

መድኃኒትን «እነሱ ያውቁታል» ብሎ መተውም አደገኛ ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት፣ መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚያደርጉ መስማት ያስፈልጋል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹም ካለ የደሙ ስኳር እጅግ ሊወርድ ስለሚችል፣ ከመግባቱ በፊት ሐኪሙና የነፍስ አባቱ የሚሉትን መስማትና ለተንከባካቢዎቹ በጽሑፍ መስጠት ይበጃል።

የጡረታ ገንዘብ እንዲያወጣ ለመኖሪያው ኃላፊ ውክልና መስጠት አይገባም። ውክልናው በቤተሰብ እጅ ይቆይ፤ ክፍያው በደረሰኝ ይሁን። ዳይፐር፣ መድኃኒትና ልብስ አጠባ በወርሃዊው ክፍያ ውስጥ መካተታቸውም በውሉ ላይ ይጻፍ።

በመጨረሻ የሚረሳው የሆስፒታሉ ጉዳይ ነው። አዘዞ ዳር ያለ ጸጥተኛ ግቢ ቀን ሲያዩት ደስ ይላል፤ ባጃጅ በማይገኝበት ሌሊት ከዚያ ተነሥቶ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መድረስ ግን ሌላ ነገር ነው። አረጋዊው ቢተኛም ሆስፒታሉ አስታማሚ ይፈልጋል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ያለው ሰው ከደምቢያ ወይም ከወገራ ከመጣ መታወቂያውና የሪፈር ወረቀቱ የወረዳው ስለሚሆን፣ አልጋ አጠገብ የሚያድረው ማን እንደሆነና ወረቀቱን የሚያስጨርሰው ማን እንደሆነ ከመግባቱ በፊት በስም ይወሰን።