ስትራይፕድ ባስን ውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ፍላይ እንዴት እናጠምዳለን?

ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ለምትኖሩ ቼሳፒክ ቤይ የሚባለው ባሕረ ሰላጤ ደጃችሁ ነው። እዚያ የሚገኘው ስትራይፕድ ባስ የሚባለው ዓሣ፣ የአካባቢው ሰው ሮክፊሽ የሚለው፣ ጎኑ ላይ ጥቋቁር መስመሮች አሉት። በዓሣ ቁራጭም ይያዛል። ግን ውሃውን ሰንጥቆ ሲወጣ ማየት ሌላ ነገር ነው።

መጀመሪያ ዕቃው። ፍላይ ማለት መንጠቆ ላይ በላባ፣ በፀጉር ወይም በፎም የተሠራ አስመሳይ ማጥመጃ ነው። የሚወረወረው ከባዱ ገመድ ነው፤ ፍላዩ ተከትሎት ይሄዳል። ዘጠኝ ጫማ ርዝመት ያለው ቁጥር 8 ወይም 9 ዘንግ (ቁጥሩ የሚስማማውን የገመድ ክብደት ያሳያል) እና ተንሳፋፊ ገመድ ያዙ። ጫፉ ላይ 20 ፓውንድ የሚችል የናይለን ክር እሰሩ። ፍሎሮካርቦን ስለሚሰምጥ ለዚህ ሥራ አይመችም።

ከፍላዮቹ ፖፐር ፊቱ ጠፍጣፋ ስለሆነ ውሃውን ይገፋል፣ ድምፅም ያሰማል። የቦስተኑ ጃክ ጋርትሳይድ የፈጠረው ገርግለር ደግሞ ቀለል ያለ ነው፤ ለጀማሪ እሱን እመርጣለሁ። የመንጠቆውን እሾህ በፒንሳ ጠፍጥፉት። መነጽር አድርጉ፤ ነፋስ ሲነሳ መንጠቆው ወደ ፊት ይመጣል።

ጎህ ሲቀድ ወይም ሲመሻሽ ውጡ። ያኔ ዓሣው ወደ ዳር ይጠጋል። የባሕሩ ውሃ እየሞላ ወይም እየጎደለ መሆን አለበት፤ ከቆመ ዓሣውም ይቆማል። ወፎች ውሃው ላይ እየተወረወሩ ካያችሁ ከሥር ትናንሽ ዓሦች እየተሳደዱ ነው። መሃላቸው ሳይሆን ጠርዙ ላይ ጣሉ።

ከጣላችሁ በኋላ የዘንጉን ጫፍ ወደ ውሃው ዝቅ አድርጉ። ገመዱን በዘንግ ያዡ እጅ ጠቋሚ ጣት ሥር አሳልፉና በሌላው እጅ አጠር አጠር አድርጋችሁ ሳቡ። ሳብ፣ ቆም። ሳብ ሳብ፣ ቆም። አንዳንዴ የሚመታው ቆም ስትሉ ነው።

አሁን ከባዱ ነገር መጣ። ውሃው ቧ ሲል እጅ ዘንጉን ወደ ላይ መንጠቅ ይፈልጋል። አደራ፣ እንዳትነጥቁ! ብዙ ጊዜ ዓሣው ገና አልጎረሰውም። ፍላዩን ከአፉ ታወጡበታላችሁ። ዘንጉን ሳታነሱ መሳባችሁን ቀጥሉ። ከሳተው ተመልሶ ሊመታው ይችላል። ክብደቱ እጃችሁ ላይ ሲመጣ ገመዱን ቀጥታ ወደ ኋላ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ። ዘንጉ የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው።

ሲደክም ሳታቆዩ አቅርቡት፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ፍቱት። ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ይዞ ለመሄድም ወቅትና የኢንች ልክ አለ። ደንቡ ስለሚቀያየር ከመውጣታችሁ በፊት የሜሪላንድን የተፈጥሮ ሀብት ወይም የቨርጂኒያን የባሕር ሀብት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ እዩ። በበጋ የአየሩ ሙቀት 95 ፋራናይት ይደርሳል ከተባለ፣ የሚለቀቀውም ሊሞት ስለሚችል፣ ረፋድ ላይ ዕቃችሁን ሰብስቡ።