ሬንጅ ሲሳሳት፦ ችግሩና መፍትሄው

አራት ኪሎ አካባቢ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን አስጠናለሁ። ዶሜይን (በኤክስ ቦታ የሚተኩት ቁጥሮች) ብዙም አያስቸግራቸውም፤ ሬንጅ (ተተክቶ የሚወጡት ውጤቶች) ላይ ግን አንዱን ስህተት በየዓመቱ ደጋግሜ አርማለሁ።

ምልክቱ፦ ጥያቄው «ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 4 ኤክስ ሲደመር 7፤ ኤክስ ከኔጋቲቭ 1 እስከ 4» ይላል። ተማሪው ኔጋቲቭ 1ን ይተካል፣ 12 ያገኛል። 4ን ይተካል፣ 7። «ከ7 እስከ 12» ብሎ ያከብባል።

ምክንያቱ፦ የዶሜይኑ ጫፎች የሬንጁንም ጫፎች የሚሰጡ ይመስለዋል። ለቀጥታ መስመር እውነት ነው። ፓራቦላ (የእንዲህ ያለ ኤክስ ስኩዌር ግራፍ) ግን መሃል ላይ ይታጠፋል። ከአራት ኪሎ ፒያሳ በእግሩ የሄደ ሰው ያውቀዋል፤ መንገዱ ወርዶ ወርዶ ዝቅ የሚለው ራስ መኮንን ድልድይ ላይ ነው፤ መነሻውም መድረሻውም ከፍ ያሉ ናቸው።

ባለፈው አንዲት ጎበዝ ተማሪ «ቲቸር፣ መልሱ ይኸው!» ብላ የተባዛ ወረቀት ዘረጋችልኝ። እውነትም «ከ7 እስከ 12» ይላል። «እስቲ 2ን ተኪ» አልኳት። 4 ሲቀነስ 8 ሲደመር 7፣ 3 መጣ። ወረቀቱን አየች፣ ደብተሯን አየች፣ እንደገና ሰራችው። ያው 3። ማን እንዳረመው የማይታወቅ አንሰር በገንዘብ እየተሸጠ፣ ልጆች ትክክለኛ ስራቸውን በእሱ አምነው ይሰርዛሉ። በጣም ያናድደኛል።

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ቨርቴክሱን፣ ማለትም ፓራቦላው የሚታጠፍበትን ነጥብ፣ አውጡ። የኤክስን ኮኤፊሸንት (ከፊቱ ያለውን ቁጥር) ምልክቱን ቀይራችሁ ለኤክስ ስኩዌር ኮኤፊሸንት እጥፍ አካፍሉ፤ እዚህ 4 ለ2፣ 2 ነው። 2 ዶሜይኑ ውስጥ ስላለ 12ን፣ 7ንና 3ን አወዳድሩ። ሬንጁ ከ3 እስከ 12። ተጠንቀቁ፦ ዶሜይኑ ከ3 እስከ 5 ቢሆን ቨርቴክሱ ውጭ ነው፣ አታስገቡት፤ መልሱ ከ4 እስከ 12 ይሆናል። በመጀመሪያው ጥያቄ ኔጋቲቭ 1 ክፍት ከሆነ (ዶሜይኑ ውስጥ ካልተካተተ) ደግሞ 12ም ክፍት ነው፤ 3 ግን አይነካም።

ላይ ኤክስ ስኩዌር፣ ታች ኤክስ ስኩዌር ሲደመር 1 ሲሰጣችሁ «ከ1 በስተቀር ሁሉም» ካላችሁ፣ ኤክስን ለብቻው ስታወጡ ከሚመጣው ክፍልፋይ ታችኛውን ብቻ አይታችሁ ቆማችኋል ማለት ነው። ኤክስ ስኩዌር ኔጋቲቭ አይሆንም፤ ስለዚህ ሬንጁ ከ0 ጀምሮ 1ን ሳይነካ ነው።

ላይ ኤክስ ስኩዌር ሲቀነስ 9፣ ታች ኤክስ ሲቀነስ 3 ከሆነ፣ ተጣፍቶ ኤክስ ሲደመር 3 ሲቀር፣ ኤክስ 3 መሆን ስለማይችል 6ን ከሬንጁ ማውጣት እንዳትረሱ።

የ«9 ሲቀነስ ኤክስ ስኩዌር» ስኩዌር ሩት ሬንጁ ከ0 እስከ 3 ነው፤ «ከኔጋቲቭ 3 እስከ 3» ካላችሁ፣ ኔጋቲቭ 3 የመጣው ሁለቱን ወገን ስኩዌር ስታደርጉ ነው።