ሕንፃ ከመግዛትዎ በፊት በሩቅ ሆነው ማስመርመር

ከውጭ ሆነው በአገር ቤት የሚከራይ የአፓርታማ ሕንፃ ለመግዛት ያሰቡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ወንድም ወይም የቅርብ ዘመድ ይልካሉ፤ እርሱም ዞር ዞር ብሎ አይቶ «ቆንጆ ነው» ይላል። ዘመድዎ ታማኝ ቢሆንም መሐንዲስ አይደለም። ስለዚህ ከሻጩም ሆነ ከደላላው ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለውን የሕንፃ መዋቅር ባለሙያ ራስዎ መርጠው፣ ክፍያውንም ራስዎ ፈጽመው ያሰማሩ፤ ዘመድዎ አብሮ ሄዶ በስልክ በቀጥታ ያሳይዎት። ተቀርጾ የተላከ ቪዲዮ ቀራጩ የመረጠውን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ስንጥቅ ሁሉ አያስደነግጥም። በልስን ላይ እንደ ፀጉር ቀጥነው የሚታዩት ብዙውን ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ በመኮማተሩ የመጡ ናቸው። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥተው በሰያፍ የሚወጡ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስፋታቸው የሚለያይና በየፎቁ የሚደጋገሙ ስንጥቆች ግን መሠረቱ በአንድ ወገን መስመጡን ሊያመለክቱ ይችላሉ። በኮለን (በቋሚው ምሰሶ)፣ በቢም (በአግዳሚው ተሸካሚ) ወይም በሶሌታ (በፎቆቹ መካከል ባለው የኮንክሪት ንጣፍ) ላይ የዝገት ቀለም ከታየ ጉዳዩ ይከብዳል፤ በኮንክሪቱ ውስጥ ያለው ብረት፣ ፌሮ፣ ሲዝግ ከቀድሞው የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ ኮንክሪቱን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል፣ ይህንንም ቀለም መቀባት ይሸፍነዋል እንጂ አያድነውም። በምድር ቤቱ ወለል ሱቅ ለማስፋት ግድግዳ ፈርሶ እንደሆነ ከጸደቀው ፕላን ጋር ተነጻጽሮ ይረጋገጥ።

ውሃ ከሁሉ ይበልጥ ተንኮለኛ ነው። ጉብኝቱ ዝናብ በጣለ ማግሥት ቢሆን ይመረጣል፤ ጣሪያው ላይ ውሃ ተጠራቅሞ መቆየቱ፣ ከመታጠቢያ ክፍሎች ሥር ባለው ኮርኒስ ላይ እድፍ መታየቱ፣ በግድግዳው ግርጌ ነጭ የጨው ዱቄት መውጣቱ ሁሉ ይመዝገብ። ሕንፃው አርጅቶ ሳለ አንድ ኮርኒስ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ፣ ለምን እንደተቀባ መጠየቅ ያስፈልጋል። ነዋሪው ሁሉ በሚጠቀምበት በማለዳው ሰዓት ውሃው እዚያ ድረስ በበቂ ግፊት ይደርስ እንደሆነ ለማየት የመጨረሻው ፎቅ ቧንቧ ይከፈት።

ሊፍቱ የጥገና መዝገብ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ እንዳላቸው ይታይ።

ሻጩ የሚያቀርበው የኪራይ ዝርዝር ከውሎቹና ከተከራዮቹ ቃል ጋር ይመሳከር፤ ጥበቃው ደግሞ የትኛው ቤት ስንት ወር ባዶ እንደቆየ ከባለቤቱ ይልቅ ያውቃል። የመሐንዲሱ ሪፖርት ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት በእጅዎ ይግባ፤ ሻጩ ጣሪያውን ወይም ምድር ቤቱን አላሳይም ካለም ድርድሩን እዚያው ማቆም ይበጃል።