ልጅ ከማፈናጠጣችሁ በፊት፦ በድሮ ሞተር ሳይክል እድሳት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ስንት ጊዜ እንዳየሁት መቁጠሩን ትቼዋለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ጥግ ይዞ የቆመ ሞተር ሳይክል ካንዴላው ተቀይሮለት፣ አዲስ ቤንዚን ተጨምሮለት፣ በሰባተኛው ወይም በስምንተኛው ርግጫ ሳል ሳል እያለ ይነሳል። ሰማያዊ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል፤ ቤተሰቡ ያጨበጭባል፤ የአባትየው ዓይን እንባ ያቀርራል። እኔም አብሬ ደስ ይለኛል። ከዚያ አባት ሆዬ ዞር ብሎ ልጁን «ነይ፣ ተፈናጠጪ!» ይላታል። እዚያ ላይ ደሜ ይፈላል።

ሞተሩ ነፍስ ዘራ ማለት ሞተር ሳይክሉ እየሄደ ሳለ መቆም ይችላል ማለት አይደለም። «ጎማው እኮ ጥርሱ ሙሉ ነው» ይሉኛል። ሙሉ የሆነው ስላልተነዳ ነው። ላስቲክ ቆሞም ያረጃል፤ ይደርቃል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። ጎኑ ላይ ከ«ዶት» (DOT) ጽሑፍ ጋር ከተደረደሩት ፊደላትና ቁጥሮች የመጨረሻዎቹን አራቱን አንብቡ። 1408 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2008 በ14ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በአራት ፈንታ ሦስት ቁጥር ብቻ ካገኛችሁ ጎማው ከ2000 በፊት የተሠራ ስለሆነ ሳታመነቱ ጣሉት። ካላማዳሪያውንም አብራችሁ ቀይሩ።

ፍሬኑስ? አንድ ወዳጄ ልጁን አፈናጥጦ ሁለት ዙር ከነዳ በኋላ «የፊት ፍሬኑ ትንሽ ይጮኻል» ብሎ አመጣልኝ። ጎማውን አውርጄ ታምቡሩን፣ ፍሬኑ የሚይዝበትን ክብ ብረት፣ ስከፍተው የፍሬን ሸራው ከተለጠፈበት ብረት ተላቅቆ እንደ ደረቅ የዛፍ ቅርፊት መዳፌ ላይ ወደቀ። ሙጫው ቡናማ ዱቄት ሆኗል። ያ ሸራ በጉዞ ላይ በብረቱና በታምቡሩ መካከል ቢሰነቀር ኖሮ የፊት ጎማው ባለበት ይታሰር ነበር። ወዳጄ ሸራውን ከእጄ ተቀብሎ አየው፤ ልጁን አየው፤ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ስለዚህ መጀመሪያ ፍሬን፣ ጎማ፣ የራጂዎች ውጥረት፣ የጎማና የመሪ ኩሽኔታ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን ገመድ። ሞተር ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ሥራው ሲያልቅም ብቻችሁን ንዱት። የእኔ ልክ 500 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚያ በፊት ማንንም አላፈናጥጥም። በእነዚያ የመጀመሪያ ጉዞዎች ከየመንገዱ ስመለስ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በቁልፍ እፈትሻለሁ። አንድም የላላ ያላገኘሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሌላው ስህተት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሁሉንም ነገር መፍታት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል የለ? ፎቶ ሳታነሱ ምንም አትፍቱ። የአንድ ክፍል ብሎኖች በአንድ ከረጢት ይግቡ፤ ከረጢቱ ላይ ይጻፍበት። ዝገት በልቶት ከሞተው ሞተር ሳይክል ይልቅ ተፈታትቶ በካርቶን ውስጥ የቀረው ሲበዛ አይቻለሁ።

በጃፓን ሞተር ሳይክሎች ላይ ያሉት ባለመስቀል ብሎኖች በተለመደው የመስቀል ካቻቢቴ የሚፈቱ ይመስላሉ፤ አይፈቱም። መስቀሉ የራሱ ልክ አለው። ጄ.አይ.ኤስ. የሚባለው የጃፓን ደረጃ ነው፤ ብዙ ጊዜ የብሎኑ ራስ ላይ ትንሽ ነጥብ ይኖራል። የተለመደው ካቻቢቴ ግን ኃይል ሲበዛበት እየተንሸራተተ ወደ ላይ ይወጣና መስቀሉን ይበላዋል። በእንግሊዞቹ ላይ ደግሞ የሚሊ ሜትር ቁልፍ አታስገቡ፤ ይገባል፣ ከዚያ ጠርዙን ያሟልጨዋል። እዚያው እንግሊዞቹ ላይ ሳለን፣ ብዙዎቹ ከሻሲው ጋር የሚታሰረው የባትሪያቸው ፖዘቲቭ ነው። በልማድ ኔጌቲቩን ያሰረ ሰው ባለዳዮድ ሬክቲፋየሩን፣ ባትሪው እንዲሞላ ኤሌክትሪኩን የሚያስተካክለውን ዕቃ፣ በቅጽበት ያቃጥላል።

ተጣብቆ የቆመን ፒስቶን በርግጫ ለማላቀቅ አትታገሉ። በካንዴላው ቀዳዳ ሰርጎ የሚገባ ዘይት ጨምራችሁ ቀናት ጠብቁት።

አሁን ወደ ልጆቹ ልመለስ። ብዙ ወላጅ «አብረን እናድሳለን» ይልና ልጁን ለሁለት ወር የእጅ ባትሪ ያስይዘዋል። ልጅ ባትሪ መያዝ ይሰለቸዋል፤ ሰልችቶትም ይሄዳል፤ አይመለስም። እውነተኛ ሥራ ስጡት። ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ ልጄ ያደረገችውን ልንገራችሁ። ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝግታ ሲሠራ) አልቆም እያለ ይጠፋብኝ ነበር፤ ሦስት ቀን ታግዬዋለሁ። ካርቡራቶሩን ፈትቼ ትንሿን የናስ ቁራጭ፣ ነዳጅ የሚያልፍባትን፣ ሰጠኋትና «ቀዳዳዋ ይታይሻል?» አልኳት። መስኮቱ ጋ ሄዳ ወደ ብርሃን አነሳቻት፤ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። «ግማሽ ጨረቃ ነው የሚታየኝ» አለች። እኔ መነጽር አድርጌ ያላየሁት፣ ከስፌት መርፌ የቀጠነ ቀዳዳ ጠርዝ ላይ የደረቀ የቤንዚን ሙጫ ነበር። እዚህ ላይ ሽቦ የሚያስገባ ሰው ቀዳዳዋን ያሰፋታል፤ ሞተሩም ከዚያ በኋላ ነዳጅ ይበዛበታል። እኛ ግን በማጽጃ ነክረን፣ በአየር ነፍተን ጠራች። እሷ ራሷ መልሳ ገጠመቻት። ያ ሞተር ሳይክል ዛሬም «የእኔ» የምትለው ነው።

ልጅ ፈጽሞ የማይቀርብበት ሥራም አለ። የድሮ የፍሬን ሸራ ሳንባ የሚጎዳው አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል የታምቡሩን አቧራ በአየር ግፊት አትንፉት፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ልጆቹ በዚያ ሰዓት ቤት ይሁኑ። የነዳጅ ታንክ ባዶ ነው ተብሎ አይበየድም፤ ውስጡ የቀረው ትነት ይፈነዳል። ክሎሪን ባለበት የፍሬን ማጽጃ የታጠበ ብረት ሲበየድም መርዛማ ጋዝ ይወጣል። የታንክ ዝገት በኤሌክትሪክ ሲወጣ የማይዝግ ብረት ለኤሌክትሮድነት አይገባም፤ ውኃውን መርዛማ በሆነ ክሮሚየም ይበክለዋል። እነዚህ ላይ አልደራደርም።

የሚከተለውን ስህተት እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። የአሜሪካ ሕግ የማርሽ መርገጫ በግራ እንዲሆን ካስገደደ በኋላ፣ ከ1975 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ፣ አምራቾች ሁሉ ወደዚያው ሄዱ። ከዚያ በፊት በተሠሩት ትራያምፍ፣ ቢኤስኤና ኖርተን ላይ ግን ማርሹ በቀኝ፣ የኋላ ፍሬኑ በግራ ነው። በአዲስ ሞተር ሳይክል ስመላለስ ከርሜ አንድ እሑድ ባለቤቴን በድሮው ትራያምፍ አፈናጠጥኳት። ቁልቁለቱ ግርጌ ላይ አንድ መኪና በድንገት ወጣብኝ። ቀኝ እግሬ ያለ የሌለ ኃይሉን አውጥቶ ረገጠ፤ የረገጠው ግን ማርሹን ነበር። በፊት ፍሬን ብቻ እየተንገጫገጭኩ ከመንገድ ወጥቼ ሣር ውስጥ ቆምኩ። ክንዶቿ ወገቤን እንደጨበጡ ቀሩ። ከዚያ ቀን ወዲህ በአንድ ቀን ሁለቱን ዓይነት አልነዳም። የድሮውን ለወንድሜም ሆነ ለልጄ ከመስጠቴ በፊት ሰው በሌለበት ሜዳ ግማሽ ሰዓት መቆምን ብቻ አለማምዳቸዋለሁ።

ስለ ተፈናጣጭ ባጭሩ፦ እግሩ መርገጫው ላይ የማይደርስ ልጅ አይፈናጠጥም። ሄልሜት «ሲያድግ ይሆነዋል» ተብሎ አይገዛም። የጎማውን ንፋስና የአሞርዛተሩን ሞላ ለሁለት ሰው ክብደት አስተካክሉ። መታጠፊያ ላይ ደግሞ በሚታጠፍበት በኩል በነጂው ትከሻ አሻግሮ እንዲያይ ንገሩት፤ ሰውነቱ የቀረውን በራሱ ያደርገዋል።

በሁለት በሦስት ሞተር ሳይክል ስትወጡ አሮጌውን ከኋላ አታስከትሉ። ሆንዳ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲቢ 750ን በፊት ዲስክ ፍሬን እስኪያወጣ ድረስ አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች የሚቆሙት በታምቡር ነበር። ከፊት ያለው ዘመነኛ ፍሬኑን ነካ አድርጎ ይቆማል፤ ከኋላ ያለው ባለታምቡር ግን ገና እየመጣ ነው። አሮጌው ይምራ፤ ፍጥነቱንም እሱ ይወስን።

የመጨረሻው የጎን ጋሪ ነው፤ ሳይድካር የሚሉት። ትንንሽ ልጆች ይወዱታል፤ ወላጆችም ሦስት ጎማ ስላለው አይወድቅም ብለው ያምናሉ። ጋሪው በቀኝ ከሆነ ነዳጅ ስትሰጡት ወደ ቀኝ፣ ፍሬን ስትይዙ ወደ ግራ ይስባል። ቀኝ መታጠፊያ ላይ ፍጥነት ከበዛ የጋሪው ጎማ ከመሬት ይነሳል፤ ጋሪው ባዶ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሃያ ዓመት ሞተር ሳይክል የነዳ ሰው እዚህ ጋ ጀማሪ ነው፤ ማጋደል የሚባለው ነገር አይሠራለትምና መሪውን በክንዱ ኃይል ማዞር አለበት። ሃምሳ ኪሎ አሸዋ በጆንያ ጋሪው ወለል ላይ አስሩና ሰው በሌለበት ሜዳ ወደ ቀኝ እየታጠፋችሁ ተለማመዱ። ጎማው ሲነሳ ክንዳችሁ ሳይደነግጥ ነዳጁን ቀስ አድርጎ መቀነስ እስኪለምድ ድረስ ተሳፋሪው ጆንያው ብቻ ነው። እኔን አምስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ልጄ በየሳምንቱ «ዛሬስ?» እያለች ትጠይቀኝ ነበር፤ በስድስተኛው ሳምንት ጆንያውን አብረን አወረድነው።